አልማዝ ባለጭራ ዓይን ላይ ሲወጣ

ጥያቄ፦ ባለቤቴ 54 ዓመቱ ነው። ገበሬ ነው፤ ታሞ ተኝቶ አያውቅም። ጤፍ ሲወቃ ሰንብቶ ግንባሩን በግራ በኩል እሳት እንደነካው ያቃጥለው ጀመር። ከትናንት ወዲያ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ወጣበት፤ ዛሬ አፍንጫው ጫፍ ላይ ደርሷል፣ ዓይኑም አብጧል። ጎረቤት «አልማዝ ባለጭራ ነው» ብሎ ቅጠል ቀባው። ኤች አይ ቪ ያለበትን ነው የሚይዘው ሲባል ሰምቶ ጤና ጣቢያ አልሄድም አለኝ። ምን ላድርግ? (ከቢቸና)

መልስ፦ ዛሬውኑ ይዘዋቸው ይሂዱ። እምቢ ካሉ የንስሐ አባታቸውን ጠርተው ያስመክሯቸው።

እኔን ያሳሰበኝ ከግንባራቸው ይልቅ የአፍንጫቸው ጫፍ ነው። ወደ አፍንጫ ጫፍና ወደ ዓይን የሚሄደው የነርቭ ቅርንጫፍ አንድ ስለሆነ፣ ሽፍታው እዚያ ከታየ ዓይን ውስጥም የመግባቱ ነገር ያሰጋል። ሳይታከም ከቆየ ብሌኑ ላይ ጠባሳ ይጥላል፤ ሊያሳውርም ይችላል።

የኤች አይ ቪው ወሬ ግማሽ እውነት አለው። አልማዝ ባለጭራን የሚያመጣው ሄርፒስ ከሚባሉት ቫይረሶች ወገን የሆነ ቫይረስ ነው፤ በልጅነት ጉድፍ ያወጣብናል፣ ከዳንን በኋላም ነርቭ ሥር ተኝቶ ይኖራል። ዕድሜ 50ን ሲያልፍ የሰውነት መከላከያ ስለሚላላ ምንም ሕመም የሌለበትም ሰው ይያዛል። ኤች አይ ቪ ያለባቸው ላይ ይበዛል፤ ስለዚህ ሐኪሙ «ደም እንመርምር» ቢል አይቀየሙት፣ እኔም እል ነበር። ሽፍታውን አይቶ ብቻ «አለበት» ሊል የሚችል ግን ጎረቤትም ሐኪምም የለም።

መድኃኒቱ አሲክሎቪር ነው። ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል፤ ይህ መልስ ሲደርስዎት ጊዜው ቢያልፍም ዓይን ስለተነካ «ረፈደ» ብለው አይቅሩ። የተለመደው መጠን 800 ሚሊግራም በቀን 5 ጊዜ፣ ከ7 እስከ 10 ቀን ነው። ባለ 200ው ክኒን ከተሰጣቸው በአንዴ 4፣ በቀን 20 ፍሬ መሆኑ ነው። «ይሄማ በዛ» ብሎ የሚያጎድል አይጠፋምና ይጠብቋቸው። ኩላሊት የሚያማቸው ከሆነ ግን መጠኑ ስለሚቀነስ አስቀድመው ይናገሩ።

ቅጠሉ ይቅር። የዓይን ጠብታም በራስዎ አይግዙ፤ አንዳንዱ ስቴሮይድ (እብጠትን የሚያበርድ፣ የሰውነትን መከላከያ ግን የሚያዳክም መድኃኒት) አለበትና ያለ ዓይን ሐኪም ትእዛዝ ጉዳቱ ይብሳል። ክኒኑ እንደተጀመረ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር፣ ዓይን ሐኪም ወዳለበት፣ ሪፈር ያስጽፉ።

ራስ ምታቱ ከጠና፣ ከዘባረቁ ወይም አንገታቸው ከገተረ ቫይረሱ ወደ አንጎል ዘልቆ ሊሆን ይችላል። ያኔ ሆስፒታል ተኝተው መድኃኒቱን በደም ሥር መውሰድ አለባቸው፤ ሌሊትም ቢሆን እስኪነጋ አይጠብቁ።

ቁስሉ ቅርፊት እስኪይዝ ድረስ ነፍሰ ጡርና ጨቅላ ሕፃን አያስጠጉባቸው።