ብቻውን ተራራ ወጥቶ ሳይመለስ መሸ

ብቻውን ተራራ የወጣ ሰው በቀጠሮው ሰዓት ሳይመለስ ሲቀር ቤተሰብ ምን ያድርግ? ፈላጊዎችስ እንዴት ይፈልጋሉ? ከአሜሪካና ከአዲስ አበባ አንባቢዎች የደረሱንን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው አቅርበናል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻውን ሲያትል አጠገብ ያለው ማውንት ሳይ ተራራ ይወጣል። ባለፈው ወር «ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሬ ለምሳ እደርሳለሁ» ብሎኝ የመጣው ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ስልኩ አይሰራም ነበር። ፖሊስ ልጥራ ስል ሰው ሁሉ «24 ሰዓት ካልሞላ አይቀበሉሽም» አለኝ። እስከ ስንት ሰዓት ልጠብቅ? (እህት፣ ከሲያትል)

መልስ፦ 24 ሰዓት ይሙላ የሚል ሕግ የለም። መጠበቅ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ግን በቁጥር ማሳየት ይቻላል። ሰው በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ቢራመድ በ2 ሰዓት ውስጥ ሊገኝበት የሚችለው ክብ 113 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ4 ሰዓት ውስጥ 452 ይሆናል። ጊዜው እጥፍ ሲሆን የሚፈለገው ቦታ አራት እጥፍ ይሰፋል።

አሁን ወደ ወንድምዎ ቀጠሮ እንምጣ። ተራራ ወጪዎች የሚጠቀሙበት የቆየ ስሌት አለ፦ ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት፣ በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት ተጨማሪ 1 ሰዓት። የማውንት ሳይ መንገድ ከመኪና ማቆሚያው እስከ ላይ 6.4 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ዳገቱ 960 ሜትር ነው። ስለዚህ መውጫው 3 ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረው፤ መውረጃው 2 ሰዓት፣ እረፍቱ ግማሽ ሰዓት። ከጠዋቱ 3 ሰዓት የጀመረ ሰው መኪናው ጋ የሚደርሰው 8 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ሲያትል ቤቱ ሲገባ ወደ 9 ሰዓት ከሩብ ይሆናል። «ለምሳ እደርሳለሁ» ያለው ቀድሞውኑ የማይሆን ቀጠሮ ነበር። እርስዎ የተጨነቁባቸው የመጀመሪያዎቹ 3 ሰዓታት የጠፋበት ሳይሆኑ በትክክል የሚሄድበት ነበሩ።

በሚቀጥለው ጊዜ ሰዓቱን አብራችሁ አስሉ፣ 2 ሰዓት መጠባበቂያ ጨምሩበት፣ ያ ሲያልፍ የአሜሪካ የአደጋ ጊዜ ስልክ ወደሆነው 911 ይደውሉ። በታኅሣሥ ግን ሲያትል ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው 10 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ነው፤ ስለዚህ መጠባበቂያው እስኪያልቅ ሳይሆን ሳይጨልም ይደውሉ። የስኳር ሕመምተኛ ከሆነ፣ ዕድሜው ከገፋ ወይም በረዶና ዝናብ ከመጣ መጠባበቂያ የሚባል የለም። ከመደወልዎ በፊት ጓደኞቹን፣ መሥሪያ ቤቱንና ስልኩን ያጣሩ፤ ከግማሽ ሰዓት በላይ ግን አይፍጁበት።

ጥያቄ፦ 911 ስደውል ምን ልበላቸው? እንግሊዝኛዬ ያን ያህል አይደለም። (እናት፣ ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ «አምሃሪክ» ይበሉ፤ አስተርጓሚ በስልክ መስመር ላይ ያስገቡልዎታል። ቀጥሎ የተራራውን ስምና ያለበትን ካውንቲ (በግዛቱ ውስጥ ያለውን ወረዳ) ይናገሩ። 911 የሚያነሳልዎ እርስዎ ባሉበት አካባቢ ያለ ማዕከል ስለሆነ ወደ ተራራው ካውንቲ እንዲያስተላልፍ ይህን ማወቅ አለበት። በብዙ ግዛቶች ፍለጋውን የሚመራው የካውንቲው ሸሪፍ፣ ማለትም የፖሊስ አዛዡ ነው፤ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከሆነ ሬንጀሮች የሚባሉት የፓርኩ ጠባቂዎች ናቸው።

የእኛ ሰው በተለይ የሚሳሳተው በሰዓት ነው። ልጅዎ «3 ሰዓት ወጣ» ሲልዎት በእኛ አቆጣጠር ነው፤ እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ ከዞረ ሌሊት 9 ሰዓት ወይም ከሰዓት በኋላ ወጣ ማለት ይሆናል። በዚህ አንድ ስህተት የስሌቱ ክብ በሙሉ ይበላሻል። የፈረንጅ ሰዓቱን ለብቻው ይጻፉና ያንን ያንብቡ። ሁለተኛው ስም ነው። ፓስፖርት ላይ ያለው የአያት ስም ለወረቀት ይጠቅማል፤ ጫካ ውስጥ ተጠርቶ የሚመልሰው ግን ቤት ውስጥ በሚጠራበት ስም ነው። «ማሙሽ» ከሆነ «ማሙሽ» ብለው ይጩኹለት፤ ይንገሯቸው።

ከዚያ የመኪናውን ሰሌዳ፣ የጃኬቱንና የቦርሳውን ቀለም፣ የሚወስደውን መድኃኒት፣ ምግብና ውሃ መያዝ አለመያዙን ይስጡ። የጫማውን ዓይነትና ቁጥርም አይርሱ፤ አሮጌ ጥንድ ቤት ካለ የሶሉን ፎቶ ያንሱ። ልብሱን በተመለከተ አንድ ነገር አለ። ለአነፍናፊ ውሻ የሚሆነው ያልታጠበ ካልሲ ወይም የትራስ ልብስ ነው። በእጅዎ አይንኩት። ንጹሕ ፌስታል እጅዎ ላይ እንደ ጓንት አድርገው ያንሱት፣ ፌስታሉን ገልብጠው እዚያው ውስጥ ያስቀሩት። እናት አጥፋ፣ እህት ስማ ያመጣችው ሸሚዝ የሦስት ሰው ጠረን ይዞ ውሻውን ያደናግራል።

መኪናው ተራራው ሥር ቆሞ ካገኙት አይክፈቱት፣ አያንቀሳቅሱት።

ጥያቄ፦ የማኅበረሰባችን አባል ጠፍቶ 60 ሰው ይዘን ሄድን። የፍለጋው ኃላፊ ግን መንገዱ ላይ እንኳን እንዳንወጣ ከለከለን። ስድሳ ጥንድ ዓይን እያለ 3 ሰው ይልካል? (ከዴንቨር)

መልስ፦ ቅያሜያችሁ ይገባናል። ሰው ሲጠፋ ተሰብስቦ መውጣት ከልጅነታችን ያየነው ነው። ኃላፊው ግን ትክክል ነበር።

መጀመሪያ የሚወጡት ቀላል ጓዝ የያዙ 2 ወይም 3 ሰዎች ናቸው፤ መንገዱንና መገንጠያዎቹን በፍጥነት ያዳርሳሉ። የሚፈልጉት ሰውየውን ብቻ አይደለም። ሰውየው አንድ ነው፤ የእግሩ ዱካ፣ የብስኩቱ ወረቀት፣ የተቀመጠበት የተጨፈለቀ ሣር ግን ብዙ ነው። ከመገንጠያው በስተግራ የተገኘ አንድ ዱካ በስተቀኝ ያለውን ሸለቆ በሙሉ ከፍለጋ ያወጣዋል። ያ ዱካ በ60 ጫማ ከተረገጠ በኋላ ግን የማንም አይደለም።

በዚያው ሰዓት ሌሎች ሰዎች በየመውጫው መንገድ ላይ ይቆማሉ። ሥራው አሰልቺ ቢሆንም ትልቅ ነው፤ ሰውየው በራሱ ወርዶ በሌላ በኩል ቢወጣ የሚያገኘው ይኖራል። ሌሊትም ፍለጋ አለ። ጨለማ ውስጥ ትንሽ መብራት ከሩቅ ይታያል፣ ድምፅ ይሰማል፤ ጠርተው ግን ዝም ብለው ማዳመጥ አለባቸው። ሙቀት የሚያይ ካሜራ የያዘ ሄሊኮፕተርም ሁሉን አያይም፤ ጥቅጥቅ ካለ ዛፍ ሥር ያለን ሰው ሊያልፈው ይችላል፣ ቀን ፀሐይ የመታው ዓለት ሁሉ ደግሞ ይግልበታል። ጎን ለጎን ተሰልፎ ማሰስ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያኔ 60 ሰው ይፈለጋል።

መንገድ የሚሳተው አብዛኛውን ጊዜ ቁልቁል ሲወርዱ ነው። ሲወጡ ጉብታው ሁሉ ወደ አንድ ጫፍ ይሰበሰባል፤ ሲወርዱ ይበታተናል። ላይ 20 እርምጃ የሳተ ሰው ታች ሌላ ሸለቆ ውስጥ ራሱን ያገኛል። ፈላጊዎች ካርታው ላይ ቀድመው የሚያከብቡትም እነዚያን ቦታዎች ነው።

እናንተ የምትረዱት እንዲህ ነው፦ ከኃላፊው ጋር የሚነጋገር አንድ ሰው ምረጡ፤ ከቤቱ ሰው አይጥፋ፣ ተመልሶ ሊመጣ ይችላልና። ለፈላጊዎቹ ትኩስ ምግብ ውሰዱ፤ አብዛኞቹ ደመወዝ የሌላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ፌስቡክ ላይ «እዚህ ቦታ ታየ» የሚል ያልተጣራ ወሬ አትልቀቁ፤ ቡድኑ ያንን ለማጣራት ሰው ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ለፍለጋው ሂሳብ ይልኩብናል? (ከዴንቨር)

መልስ፦ በኮሎራዶም በብሔራዊ ፓርኮችም ለፍለጋ አያስከፍሉም። እንደ ኒው ሃምፕሸር ያለ ግዛት ግን በቸልተኝነት የጠፋን ሰው ሊያስከፍል ይችላል። ሐኪም ቤት የሚያደርስ የሕክምና ሄሊኮፕተር ሌላ ነገር ነው፤ ሂሳቡ ወደ ኢንሹራንስዎ ይሄዳል፣ ከባድም ነው። ሂሳብ ፈርቶ መደወል ማዘግየት ግን ስህተት ነው።

ጥያቄ፦ ስልኩ መጀመሪያ ይጠራ ነበር፤ ከዚያ ጠፋ። ምን ማለት ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ወይ ቻርጁ አልቋል፣ ወይ ኔትወርክ የሌለበት ሸለቆ ገብቷል። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ከቤት ሆኖ መለየት አይቻልም። አሥር ሰው እየተፈራረቀ መደወሉ ግን የቀረውን ቻርጅ ይጨርሰዋል። አንድ አጭር መልእክት ይላኩ፦ «ካለህበት አትንቀሳቀስ። ቦታህን በጽሑፍ ላክ።» ጥሪ በማያሳልፍ ደካማ ኔትወርክ ጽሑፍ ሊያልፍ ይችላል። ሒሳቡ ካለቀ ካርድ ይሙሉለት፤ ብዙ ሰው ይህን ይረሳል። ስልኩ ለመጨረሻ ጊዜ የተገናኘበትን አንቴና ኩባንያው ያውቀዋል፤ መረጃውን የሚጠይቀው ግን ፖሊስ ስለሆነ ስልኩ የጠፋበትን ደቂቃ ጽፈው ለፖሊስ ይስጡ።

«የድምፅ መልእክት ሰላምታህን ቀይረህ ያለህበትን ተናገር» የሚለው ምክር ብዙ ይዘዋወራል። ሰላምታውን ለመቀየርም ኔትወርክ ያስፈልጋል፤ ኔትወርክ ካለ ደግሞ መደወል አይሻልም?

ጥያቄ፦ ጓደኛችን ብቻውን ወጨጫ ይወጣል። እዚህ 911 የለም። ቢጠፋ ከየት እንጀምራለን? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በ991 ለፖሊስ ያሳውቁ፤ ጉዳት ካለ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ተራራው ያለው ኦሮሚያ ውስጥ ስለሆነ አፋን ኦሮሞ የሚናገር ሰው ይዛችሁ ሂዱ።

ከዚያ የሚጠየቀው በቅደም ተከተል ነው፦ ታክሲው የት አወረደው? በመናገሻ ሱባ ደን በር ከገባ ጥበቃዎቹ አይተውታል? እንጨትና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶችስ? በአገራችን ከማንኛውም መሣሪያ የሚበልጠው እረኛ ነው። ከብት የሚገባበትን ገደል፣ የሚያዳልጠውን ቁልቁለት ያውቃል፤ ቀይ ጃኬት የለበሰ እንግዳ ካለፈ ሳያየው አይቀርም። የቀበሌው ሊቀመንበርና የአካባቢው ቤተ ክርስቲያን ሰዎች እረኞቹን በአንድ ሰዓት ውስጥ ያሰባስቡላችኋል። ከመሸ አካባቢውን የማታውቁ እናንተ አትውጡ፤ ገደሉም ጅቡም አለ። ከታች የሚታይ መብራት አኑሩ፣ የመኪና ጥሩምባ በየ10 ደቂቃው አሰሙ፣ ንጋት ላይ ጀምሩ።

ለጓደኛችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት፦ «ውሃ ተከትለህ ውረድ» የሚባለውን ይርሳው። የእኛ ተራሮች ውሃ ወደ ገደል ነው የሚወስደው። ሰሜን ተራሮች ላይ የጅንባርን ወንዝ የተከተለ ሰው የሚደርሰው ፏፏቴው አፋፍ ላይ ነው፤ ከዚያ በታች በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ገደል ነው። መንገድ የጠፋው ሰው ከተራራው ላይ ከሚታይ ገላጣ ቦታ አጠገብ ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ ምን ልያዝ? ጋቢ ይበቃል? (ያው ጓደኛ፣ ይመስለናል)

መልስ፦ ጋቢ ጥጥ ነው። ደረቅ እስከሆነ ይሞቃል፤ ከረጠበ ግን ሙቀት ይቀማል እንጂ አይሰጥም። መንዝ ሰው ባና የሚለብሰው በከንቱ አይደለም፤ ሱፍ ረጥቦም በመጠኑ ያሞቃል። ከፍታ ሲጨምር ሙቀቱ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ወጨጫ ጫፉ 3,385 ሜትር ስለሆነ ቦሌ ላይ ከሚሰማዎት 7 ዲግሪ ያህል ይበርዳል፣ ያውም ያለ ነፋሱ።

ሱፍ ሹራብ፣ የዝናብ ጃኬት፣ የግንባር ባትሪ፣ ፊሽካ፣ ውሃና ዳቦ፣ አንድ ትልቅ የቆሻሻ ፌስታል። ፌስታሉ ለፊት የሚሆን ቀዳዳ ከተበጀለት ከእግር እስከ አናት ነፋስና ዝናብ ይከላከላል። ሣር ወይም ቅጠል ከሥር ይነጠፍ፤ መሬት ከአየሩ ፈጥኖ ሙቀት ይወስዳል። ፊሽካው በደቂቃ 6 ጊዜ ይነፋል፣ 1 ደቂቃ ይታረፋል፣ ይደገማል። ጩኸት ጉሮሮ ይዘጋል፤ ፊሽካ አይዘጋም። ስልኩ ከውስጥ ልብስ ጋር ይሁን፤ ብርድ ቻርጅ ይበላል። ጂፒኤሱ ያለ ኔትወርክም ይሠራል፣ ካርታው ግን ቤት ሳሉ መጫን አለበት። በአዳዲስ አይፎኖች ያለው በሳተላይት የሚላክ የድረሱልኝ መልእክት አሜሪካ ውስጥ ይሠራል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ እንዳይተማመኑበት።

ጥያቄ፦ አገኘነው እንበል፤ ይንቀጠቀጣል። አረቄ እንስጠው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አትስጡት። አረቄ የቆዳውን የደም ሥር ስለሚከፍት ለጊዜው የሞቀው ይመስለዋል፤ የቀረው የውስጥ ሙቀት ግን በዚያው ይወጣል። እርጥብ ልብሱን አውልቁ፣ በደረቅ ሱፍ ጠቅልሉት፣ አናቱን ሸፍኑ። በጨርቅ የተጠቀለለ የሞቀ ውሃ ኮዳ ብብቱ ሥርና ደረቱ ላይ አድርጉ፤ እጅና እግሩን አትሹት። ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ስኳር የበዛበት ትኩስ ሻይ ጥሩ ነው። መንቀጥቀጡ ያለ ምክንያት ካቆመ፣ ቃሉ ከተኮላተፈ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው እየባሰበት ነው፤ አታስኪዱት። በጀርባው አስተኝታችሁ፣ በቃሬዛ ሳታንገጫግጩ አውርዱት።