የምታድሱት ቤት በጋም ይጠብቃችኋል

ውድ ልጆቼ፣

ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ ብዙዎቻችሁ ለክረምት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ትመዘገባላችሁ። ከሥራዎቹ ሁሉ ብዙ እጅና ብዙ ማስተዋል የሚጠይቀው የአቅመ ደካሞችን ቤት ማደስና አፍርሶ መሥራት ነው። እኔ ዕድሜዬን በግንባታ ሙያ ያሳለፍኩ፣ ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ከእናንተ ጋር ጭቃ የምረግጥ ሰው ነኝ። ጉልበታችሁንና ቅንነታችሁን በቅርብ ስላየሁ፣ የደከማችሁበት ቤት ዓመታት እንዲሻገር እመኛለሁ። የምጽፍላችሁም ለዚህ ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የበጎ ፈቃድ ወቅታችን ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ የጭቃ ቤት ወቅት ግን በጋ ነው። እናንተ ነፃ የምትሆኑበት ጊዜና ግድግዳ የሚደርቅበት ጊዜ አይገናኙም። ጭቃ ከጭድ ጋር ተረግጦ፣ ቀናት ቦክቶ፣ ተመርጎ፣ ፀሐይ አግኝቶ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ ስንጥቁ በሁለተኛ ምርጊት ሲደፈን ነው ግድግዳ የሚሆነው። በሐምሌ የተመረገ ጭቃ ይህን ፀሐይ አያገኝም። ውስጡ እርጥብ እንደሆነ ተለስኖ ቀለም ሲቀባ ለጊዜው ያምራል፤ እርጥበቱ ግን ማገሩንና ቋሚውን ያበሰብሳል፣ ቀለሙም ብዙ ሳይቆይ አብጦ ይላጣል። በዚያ ክፍል ውስጥ የሚተኙት ደግሞ ብርድ የማይችሉ አረጋውያን ናቸው።

ስለዚህ ሥራውን ለሁለት ክፈሉት። በክረምት ጣሪያውንና የውኃውን መውረጃ፣ በበጋ ግድግዳውን።

ጣሪያ ቀላል ይመስላል፤ ብዙ የሚበላሸው ግን እሱ ነው። ቆርቆሮ ስትገዙ ጌጁን ጠይቁ። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል፤ 35 ጌጅ ከ32 ጌጅ ይረክሳል፣ ቶሎም ይበሳሳል። በተዋጣ ገንዘብ ሁለት ቤት በሳሳ ቆርቆሮ ከመክደን አንዱን በወፍራሙ መክደን ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ ብዙዎች በዚህ እንደማይስማሙኝ ባውቅም። ሚስማሩ በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ይመታል እንጂ በጎድጓዳው ላይ አይመታም፤ ውኃ የሚወርደው በጎድጓዳው ነውና እዚያ የተበሳ ሁሉ ያፈሳል። የጣሪያው ጫፍ ከግድግዳው ቢያንስ ግማሽ ሜትር ይውጣ። የጭቃ ግድግዳ ጃንጥላው ይህ ነው። ቋሚው እንጨት በቀጥታ በአፈር ውስጥ ከተተከለ ምስጥና እርጥበት ከሥሩ ይበሉታል፤ አፍርሳችሁ የምትሠሩ ከሆነ ከመሬት ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረት ላይ አቁሙት።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ አናጢ በየሰፈሩ አለ። ለቲሸርትና ለባነር ከምታወጡት ላይ ቀንሳችሁ አንድ ጥሩ አናጢ በሙሉ ቀን ዋጋው ቅጠሩ። ቱንቢ አያያዝና ውኃ ልክ አነባበብ ከእሱ ትማራላችሁ፤ ያላወቀ ልጅም በእርጥብ ጣሪያ ላይ አይወጣም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ጉለሌ ውስጥ ዳገት ላይ የሚኖሩ የአንዲት እናት ቤት ልናድስ ሄድን። ወጣቶቹ ቀለም መርጠው፣ ብሩሽ ገዝተው መጥተዋል። እናትየው በሩ ላይ ቆመው «ልጆቼ፣ ቀለሙ ይቆየኝ፤ መጀመሪያ ይህን ውኃ መልሱልኝ» አሉ። ከኋላ ካለው ከፍ ያለ ግቢ የሚወርደው ጎርፍ በግድግዳው ሥር ገብቶ በአልጋቸው ሥር ያልፍ ነበር። የአልጋውን እግሮች ብሎኬት ላይ ያቆሙት ለዚሁ ነው። ያን ቀን ከቤቱ ጀርባ ቦይ ቆፈርን፣ በድንጋይ ደረደርነው፣ ውኃውንም ወደ መንገዱ ማፋሰሻ መራነው። ፎቶግራፍ የሚነሣ ነገር አልነበረውም፤ ቤቱን ያዳነው ግን ያ ቦይ ነው። ውኃው በየት እንደሚገባ፣ እንጀራ የሚጋገረው የት እንደሆነ፣ ሌሊት ወደ ውጭ መውጣት የሚያስቸግራቸው ምን እንደሆነ ከባለቤቱ በላይ የሚያውቅ የለም። መጀመሪያ ጠይቁ።

መዶሻ ከማንሣታችሁ በፊት ደግሞ የቤቱን ይዞታ አጣሩ። በአዲስ አበባ ከምታድሷቸው ቤቶች ብዙዎቹ የቀበሌ ቤቶች ናቸው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች ወደ መንግሥት ሲዞሩ ኪራያቸው አነስተኛ የሆኑት ለቀበሌ ተሰጡ። ኪራዩ ለነዋሪው እፎይታ ነበር፤ ለጥገና የሚተርፍ ገንዘብ ግን አላመጣም፤ ቤቶቹም ዓመት በዓመት አረጁ። በኋላ የመጣው የኮንዶሚኒየም መርሐ ግብርም በ20/80 እንኳ ቢሆን ከቤቱ ዋጋ 20 በመቶውን አስቀድሞ መቆጠብን ይጠይቅ ነበር፤ የዕለት ጉርሱን ለሚያሳድድ ሰው ይህ ሩቅ ነበር። ሥራው በእናንተ ትከሻ ላይ የወደቀው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ከወረዳው የጽሑፍ ፈቃድ አውጡ። ቦታው በመልሶ ማልማት ዕቅድ ውስጥ እንዳለና እንደሌለም ጠይቁ፤ በሚቀጥለው ዓመት ለሚፈርስ ቤት የሰው ገንዘብ አይፈስም።

በገጠር ቤት በደቦ ሲሠራ ባለቤቱ ጠላውን ጠምቆ፣ ምሳውን አዘጋጅቶ ይጠብቃል። ጉልበቱ የጎረቤት ነው፤ ግብዣው የእሱ። ከተማ ውስጥ ግን ምሳችንን ይዘን ገብተን፣ ባለቤቱን ጥግ ላይ በወንበር አስቀምጠን እንሠራለን። ይህ አይስማማኝም። ቡና ላፍላ ያሉ እንደሆነ «አይቸገሩ» አትበሉ፤ ቁጭ ብላችሁ ጠጡ። ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ካላቸው ድንጋይ ያቀብል፣ ጭቃ ይርገጥ። ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገራችን የሚሠራው፣ ለችግረኞች ቤት የሚሠራው በጎ አድራጎት ድርጅት ሃቢታት ፎር ሂዩማኒቲም ከዋና መርሆዎቹ አንዱ ቤተሰቡ በገዛ ቤቱ ግንባታ ላይ በጉልበቱ መሳተፉ ነው።

የዚያው ድርጅት ስመ ጥር በጎ ፈቃደኛ የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ነበሩ። ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከባለቤታቸው ጋር ከሠላሳ ዓመት በላይ መዶሻ ይዘው ተመላልሰዋል። በ2019 እ.ኤ.አ. በ95 ዓመታቸው ቤታቸው ውስጥ ወድቀው ግንባራቸው ከተሰፋ በኋላ እንኳ ናሽቪል ወደሚሠራው ቤት ሄደዋል። እኔን የሚያስደንቀኝ ማዕረጋቸው ሳይሆን መመላለሳቸው ነው።

እናንተም ነሐሴ መጨረሻ ላይ ስትለያዩ ቀጠሮ ያዙ። ኅዳርና ታኅሣሥ ጤፍ የሚታጨድበትና የሚወቃበት ጊዜ ስለሆነ ጭዱም በቀላሉ ይገኛል፣ ፀሐዩም ለምርጊት ይበቃል። ትምህርት ላይ እንደምትሆኑ አውቃለሁ፤ ሁለት ቅዳሜ ይበቃችኋል፤ በመጀመሪያው መርጋችሁ፣ ጭቃው ደርቆ ሲሰነጠቅ በሌላው ትደፍናላችሁ። ቀለሙን ያኔ ቀቡት። እስከዚያው ከመካከላችሁ የአንዳችሁን ስልክ ቁጥር በወረቀት ላይ በትልቁ ጽፋችሁ ለባለቤቱ ስጡ፤ ጣሪያው ያፈሰሰ እንደሆነ ደውለው ይነግሯችኋል፣ የተመደበውም ልጅ መሰላል ይዞ ይሄዳል።