ሲምሊንክ እና የአንሲብል ኮፒ፦ ጠይቁኝ

ስለ ሲምሊንክ (ወደ ሌላ ፋይል ወይም ፎልደር የሚጠቁም አቋራጭ፣ ባጭሩ «ሊንክ») የገረማችሁን ጠይቁ ብዬ ነበር። ያው እንደጠበቅኩት፣ አብዛኛው ጥያቄ የመጣው ሰርቨሮችን በርቀት ከሚያዋቅረው መሣሪያ፣ ከአንሲብል ተጠቃሚዎች ነው።

ጥ፦ የኤንጂንኤክስ (የዌብ ሰርቨር ፕሮግራም) ኮንፊግ በአንሲብል ኮፒ ሞጁል (ፋይል ወደ ሰርቨር የሚቀዳው ክፍል) ላክሁ። አሁን «ሳይትስ አቬይለብል» ውስጥ ያለውን ፋይል ባርመው ባርመው ሰርቨሩ ወይ ፍንክች። ምን ነካው?

መ፦ የላክኸው ኤንጂንኤክስ ወደሚያነበው ፎልደር፣ ወደ «ሳይትስ ኢኔብልድ» ነው አይደል? እዚያ የነበረው ወደ «አቬይለብል»ው ፋይል የሚጠቁም ሲምሊንክ ነው። ኮፒ «ፎሎው» (ሊንኩን ተከተል) ካልተባለ ሊንኩን ያነሳና በቦታው ተራ ፋይል ያስቀምጣል። ይዘታቸው አንድ ቢሆን እንኳ አይምረውም። ስለዚህ አሁን ሁለት ፋይል አለህ፤ አንተ አንዱን ታርማለህ፣ ኤንጂንኤክስ ሌላውን ያነባል። ሰርቨሩ ላይ «ኤልኤስ ሰረዝ ኤል» (የፋይል ዝርዝር ማሳያ ትዕዛዝ) በልና እይ። መስመሩ በ«ኤል» ካልጀመረ፣ ቀስቱም ከሌለ፣ ሊንኩ ሄዷል። እኔም በዚህ አንድ ሌሊት ተቃጥያለሁ። መፍትሄው፦ ፋይሉን ወደ «አቬይለብል» ላክ፣ ሊንኩን በፋይል ሞጁል «ስቴት ሊንክ» ብለህ ሥራ። ቦታውን ተራ ፋይል ስለያዘው «ፎርስ» (አስገድድ) ያስፈልግሃል።

ጥ፦ «ፎሎው የስ» ብዬ ብገላገልስ?

መ፦ ይሠራል፤ ግን የሚጻፈው ሊንኩ የሚያመለክተው ፋይል ላይ ነው። ሪዞልቭ ኮንፍን (የድረ ገጽ ስሞች አድራሻ ከየት እንደሚጠየቅ የሚነግረውን ፋይል) አስቢ። ኡቡንቱ ላይ ወደ «ረን» ፎልደር የሚወስድ ሊንክ ነው፤ እዚያ ያለውን ፋይል የሚጽፈው ሲስተምዲ ሪዞልቭድ የተባለው የሲስተሙ አገልግሎት ነው። ያንቺን ጽሑፍ ደምስሶ የራሱን ይጽፍበታል።

ጥ፦ የኔ ግልባጩ ነው። ፎልደር ስልክ ውስጡ ያሉት ሊንኮች ሙሉ ፋይል ሆነው ይደርሳሉ። «ፎሎው ኖ» ብልም ለውጥ የለም።

መ፦ «ፎሎው» የሚያየው መድረሻውን ብቻ ነው። መነሻው ላይ የሚያዘው «ሎካል ፎሎው» ነው፤ ካልነካኸው «የስ» ነው። ስማቸው መመሳሰሉ ያናድዳል! ፎልደሩ ትልቅ ከሆነ እኔ ሲንክሮናይዝ የተባለውን ሞጁል እመርጣለሁ፤ ከሥሩ ያለው አርሲንክ የተባለው የፋይል መቅጃ ነው፣ ሊንኩን እንደ ሊንክ ያሻግራል። ግን ሊንኩ ያንተን የሆም ፎልደር በሙሉ ፓዝ የሚጠራ ከሆነ ሰርቨሩ ላይ ወደ ባዶ ይጠቁማል።

ጥ፦ ሌሎቹ የሰርቨር ማዋቀሪያ መሣሪያዎች፣ ፐፔትና ሳልትስ?

መ፦ ፐፔት «ሊንክስ» የሚል አለው፦ «ማኔጅ» ሊንኩን ራሱን ይቀዳል፣ «ፎሎው» ዒላማውን። ሳልት ላይ ፎልደር በፋይል ሪከርስ ስትልክ፣ ሊንኮቹ ሊንክ ሆነው እንዲቀሩ «ኪፕ ሲምሊንክስ»ን አብራ።

ጥ፦ የሊንኩን ፈቃድ 644 (ባለቤቱ ያነባል ይጽፋል፣ ሌላው ያነባል ብቻ) ማድረግ አቃተኝ።

መ፦ አትልፋ። ሊኑክስ ላይ ሊንክ ሁሌም 777 (ሁሉም ሰው ሁሉን ይችላል) ሆኖ ነው የሚታየው፤ የሚታየው ቁጥር ምንም አይፈይድም፣ የሚሠራው የዒላማው ፈቃድ ነው። ይልቅ ዒላማውን ፈትሽ፤ ፋይል ሞጁል ካልከለከልከው ሊንኩን ተከትሎ ሄዶ የዚያን ፈቃድ ቀይሮልህ ይሆናል።