ለምን እንደተሸነፋችሁ ሳትጽፉ ድጋሚ አትጀምሩ

ባለፈው ወር የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ዊግራፍ አላሳልፍ አለኝ» አለኝ። ዊግራፍ አንድ የቪዲዮ ጌም ውስጥ ያለ ጠላት ነው። እኔም እዚያው ቦታ ላይ ተይዤ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998፣ ቨርጂኒያ ውስጥ።

ጌሙ ፋይናል ፋንታሲ ታክቲክስ ነው። በ1997 ጃፓን ውስጥ ለመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ወጣ፤ በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ላይ አሜሪካ ገባ። የእህቴ ልጅ የሚጫወተው በስልኩ ነው። ታሪኩ ለእኛ ሰው ባዕድ አይደለም። ሁለት መስፍኖች፣ አንዱ ሕፃን ልዑል፣ ሌላው ልዕልት ይዘው አገር ያፋጃሉ። ዘመነ መሳፍንትን የተማረ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ውጊያው ግን ወዲያው አይገባም። ለዚህ ነው ለእሱ የነገርኩትን ለእናንተም የምጽፈው።

ያኔ ቀን እማራለሁ፣ ማታ ፓርኪንግ እሠራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ፕሌይስቴሽኑን ይለቅልኛል። በዚህ ሁኔታ ሦስት ወር ተጫውቼ ሪዮቫነስ የሚባል ግንብ ደረስኩ። እዚያ ውጊያው ተከታታይ ነው። በመሃል «ሴቭ ታደርጋለህ?» ይላችኋል፤ የደረስክበት ይቀመጥ ወይ ማለቱ ነው። ወደ ካርታው ተመልሶ ሌቭል ማሳደግ ወይም ዕቃ መግዛት ግን የለም። ዋናው ሰው ራምዛ ብቻውን ከዊግራፍ ጋር ይገጥማል። ሜሞሪ ካርዱ 15 ቦታ አለው። እኔ ግን ሁልጊዜ አንዷ ላይ ነበር ደርቤ ሴቭ የማደርገው። የሦስት ወር ቅዳሜዬ ግንቡ ውስጥ ተቆለፈ።

ስለዚህ ሁለት ሴቭ ይኑራችሁ። አንዱ ሁልጊዜ ከግንቡ ውጭ ይሁን። የእህቴን ልጅ መጀመሪያ የጠየቅኩት ይህንኑ ነው። አለኝ ሲል እፎይ አልኩ።

እኔ ያን ቅዳሜ ሙሉ ተሸነፍኩ። እሸነፋለሁ፣ እንደገና እጀምራለሁ። እልህ ይዞኝ ነበር። ለምን እንደምሸነፍ ግን አንዴም ቆም ብዬ አላሰብኩም። በሚቀጥለው ቅዳሜ የክፍል ደብተሬን አጠገቤ አስቀመጥኩ። ማን ቀደመ፣ ምን አደረግኩ፣ ስንት ጉዳት ደረሰብኝ ብዬ መስመር በመስመር ጻፍኩ። ሦስተኛው ሙከራ ላይ ነገሩ ታየኝ። ችግሬ የተራ አመጣጥ ነበር።

በዚህ ጌም ተራ የሚመጣው በፍጥነት ነው። እያንዳንዱ ሰው የራሱ ቆጣሪ አለው። ጌሙ እንደ ሰዓት ይመታል፤ በየምቱ የፍጥነቱን ያህል ይደመርለታል፤ 100 ሲሞላ ተራው ይደርሳል። ፍጥነቱ 8 የሆነ ሰው 13 ምት ይጠብቃል። 10 የሆነ 10 ብቻ። ተራችሁ ሲደርስ ተራምዳችሁም መትታችሁም ከጨረሳችሁ፣ ከቆጣሪው ላይ 100 ይቀነሳል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ካደረጋችሁ 80። ምንም ሳታደርጉ ካሳለፋችሁ 60። ዝም ብሎ አንድ እርምጃ ፈቀቅ ማለት እንኳን ያስከፍላል ማለት ነው። እኔ በየተራዬ ያለ ምክንያት ቦታ እቀያይር ነበር። ደብተሩ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ራምዛ ደግሞ ፍጥነትን በ1 የሚጨምር ችሎታ አለው፤ ራሱም ላይ ይሠራል። ተምሬው ነበር። ጉዳት ስለማያደርስ ግን ነክቼው አላውቅም። እሱን ደጋግሜ ተጠቅሜ ፍጥነቴን ከሰቀልኩ በኋላ ነው መምታት የጀመርኩት። ስድስተኛው ሙከራ ላይ ዊግራፍ ወደቀ። ከዚያ ወደ አውሬ ተለወጠ፣ ግን ጓደኞቼም ገቡ።

ገና ግንቡ ውስጥ ላልገባችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ኬሚስት ከሚባለው ሙያ፣ ጠላት ሲመታችሁ በራሱ መድኃኒት የሚያወጣ ችሎታ ይገኛል። የሚያወጣው ካላችሁ መድኃኒት ደካማውን ነው። ደካማውን ሁሉ ሸጣችሁ ጠንካራውን ብቻ ከያዛችሁ፣ ጠንካራውን ያወጣል። በስንት ዕድል እንደሚሠራ የሚወስነው የሰውየው የድፍረት ቁጥር ነው። 70 ከሆነ ከ100 70 ጊዜ። እንዲህ ያለ ነገር ሳገኝ ዛሬም ደስ ይለኛል። አሠራሩን ያነበበ ሰው ነው የሚጠቀምበት።

ከ20 ዓመት በላይ በመዋቅር መሐንዲስነት ሠርቻለሁ። ወጣት መሐንዲሶች ስንጥቅ ሲያዩ ቶሎ መለጠፍ ይፈልጋሉ። ጭነቱ ከየት መጣ የሚለውን መጀመሪያ ጻፉ እላቸዋለሁ። ይህን ልማድ ያገኘሁት ከትምህርት ቤት ብቻ አይደለም። ያ ደብተር ድርሻ አለው።

ስለ ጋይድ፣ ሌላ ሰው ስለጻፈው የጨዋታ መምሪያ፣ ትጠይቁኛላችሁ። እዩ፣ ምንም አይደለም። ግን ሁለት ሦስቴ ተሸንፋችሁ ምክንያቱን በራሳችሁ ቃል ከጻፋችሁ በኋላ ይሁን። ያኔ የምትፈልጉትን አንድ ነገር አውቃችሁ ትገባላችሁ፤ ይዛችሁት ትወጣላችሁ። ሳይጽፍ የገባ ሰው ጌሙን ሙሉ በሌላ ሰው እጅ ይጨርሰዋል።

በየደቂቃው ሴቭ ማድረግን ግን አልወደውም። ድሮ፣ በ1987 በወጣው ድራገን ክወስት 2 በሚባል ጌም ላይ፣ ጃፓናውያን ልጆች ጨዋታቸውን ለመቀጠል እስከ 52 ፊደል የሚደርስ የይለፍ ቃል በእጃቸው ይገለብጡ ነበር። አንዷ ከተሳሳተች አይሠራም። ያ ይመለስ አልልም። ነገር ግን እያንዳንዱን ስህተት ወዲያው የምታጠፉ ከሆነ የምትጽፉት ነገር አይኖራችሁም። በ1990 የጀመረው ፋየር ኤምብለም የሚባል የውጊያ ጌም ላይ፣ በተለመደው አሠራሩ፣ የሞተ ወታደር አይመለስም። ብዙዎች አንድ ሰው ሲሞት ያን ውጊያ ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። እስቲ አንድ ጊዜ እንኳን ተዉት። ያለ እሱ ቀጥሉ። የቀሩትን በደንብ የምታውቋቸው ያኔ ነው።

ትናንት ማታ የእህቴ ልጅ ፎቶ ላከልኝ። የጌሙ ፎቶ መስሎኝ ነበር፤ የደብተር ገጽ ነው። ከላይ «ሙከራ 4» ይላል። ከሥሩ በችኮላ፣ «ዝም ብዬ ስራመድ ተራዬን አባከንኩ። መጀመሪያ ፍጥነት ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ ምት» ብሎ ጽፏል። ገና አላሸነፈም።