«ሳየው ይገባኛል፣ ስሠራው ይጠፋኛል»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሳይንስን በቪዲዮ መማር

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ፊዚክስ የማጠናው ከዩቲዩብ ነው። አስተማሪው ሲያስረዳ ሁሉም ነገር ይገባኛል፤ መልመጃ ስጀምር ግን ከየት እንደምነሳ ይጠፋኛል። አንዱን ቪዲዮ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አይቼም ለውጥ የለም። ችግሩ ከእኔ ነው?
ተማሪዋ፣ ከደሴ

መልስ፦ ችግሩ ያለው አጠናንሽ ላይ ነው፤ በአንቺ ችሎታ አታሳብቢ። ጎበዝ አስተማሪ ሲያስረዳ ቀመሩን የሚመርጠውም፣ ቀጥሎ ምን እንደሚሠራ የሚወስነውም እሱ ነው። አንቺ እየተከተልሽ ትሄጃለሽ። ነገሩ ሳይደናቀፍ ሲፈስ «ገባኝ» የሚል ስሜት ይመጣል፤ ፈተና ላይ ግን መንገዱን የምትመርጪው ብቻሽን ነሽ።

ቬሪታሲየም በተባለው የዩቲዩብ ቻናሉ የሚታወቀው ዴሪክ ሙለር በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬቱ ያጠናው ይህንኑ ጉዳይ ነበር። አንዳንድ ተማሪዎች ጥርት ያለ ማብራሪያ ብቻ አዩ። ሌሎቹ ያዩት ቪዲዮ በመጀመሪያ የተለመደውን የተሳሳተ አስተሳሰብ ያነሳል፣ ይከራከርበታል፣ ከዚያ ያርመዋል። የመጀመሪያዎቹ ቪዲዮው ግልጽ እንደነበር ተናገሩ፤ ውጤታቸው ግን እምብዛም አልተሻሻለም። ሁለተኛዎቹ ግራ እንዳጋባቸው ተናገሩ፤ ውጤታቸው ግን በደንብ ከፍ አለ። ተማሪ የራሱን ስህተት ፊት ለፊት ካላየው፣ አዲሱን ማብራሪያ ከድሮው እምነቱ ጋር አስማምቶ ነው የሚሰማው።

እስኪ አሁኑኑ ሞክሪው። ኳስ ወደ ላይ ተወረወረ። ከእጅ ከወጣ በኋላ፣ ገና ወደ ላይ እየሄደ ሳለ፣ ምን ምን ፎርስ (የሚገፋው ወይም የሚስበው ኃይል) አለበት? ከዚህ በታች ሳታነቢ መልስሽን ወረቀት ላይ ጻፊ።

ብዙ ተማሪ «የእጁ ፎርስ አብሮት አለ፣ እየደከመ ይሄድና ጫፍ ላይ ከመሬት ስበት ጋር እኩል ይሆናል» ይላል። የአየሩን ግጭት ከተውነው ግን ኳሱ ላይ ያለው የመሬት ስበት ብቻ ነው፤ ሲወጣም፣ ጫፍ ላይም፣ ሲወርድም። ጫፍ ላይ ዜሮ የሚሆነው ቬሎሲቲው (ፍጥነቱ) ነው። አክስለሬሽኑ (ቬሎሲቲው የሚለወጥበት መጠን) ያው 9.8 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ወደ ታች ነው፤ እሱም ዜሮ ቢሆን ኖሮ ኳሱ እዚያው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀር ነበር።

ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ አድርጊ። ከ6 እስከ 10 ደቂቃ የሚሆን ቪዲዮ ምረጪ። የደብተርሽን ገጽ በመስመር ለሁለት ክፈዪ፤ በግራ «ግምቴ»፣ በቀኝ «ቪዲዮው» በዪው። ጥያቄው ስክሪኑ ላይ እንደወጣ ቪዲዮውን አቁሚና፣ ባይመጣልሽም እንኳ፣ ሦስት ደቂቃ በግራው በኩል ታገዪ። ከዚያ ቀጥዪና ልዩነቱን በቀይ እስክሪብቶ አስምሪበት። ቀዩ መስመር ያለበት ቦታ ነው ማጥናት ያለብሽ፤ የቀረውን ቀድሞም ታውቂዋለሽ። በማግስቱ ቪዲዮውን ሳትከፍቺ ያንኑ ጥያቄ ከባዶ ሥሪው፤ ከሳምንት በኋላ ደግሞ ቁጥሮቹን ቀይረሽ። ሦስት ጊዜ ከማየት አንድ ጊዜ አይቶ ሁለት ጊዜ መሥራት በብዙ ይበልጣል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒኪ በ2006 ባሳተሙት ሙከራ፣ አንድን ጽሑፍ ደግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ 42 በመቶውን ሲያስታውሱ፣ አንዴ አንብበው ራሳቸውን የፈተኑት 56 በመቶውን አስታውሰዋል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ግን የበለጡት ደግመው ያነበቡት ነበሩ። ቪዲዮ እንደጨረስሽ የሚሰማሽን እርግጠኝነት የማታምኚው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ በቪዲዮ ያየውን የሻማ ሙከራ ቤት ውስጥ ሠራ። በውሃ መሃል ሻማ ለኩሶ ብርጭቆ ሲደፋበት ውሃው ወደ ላይ ወጣ። ቪዲዮው «ኦክስጅን ስላለቀ ነው፤ የአየር አንድ አምስተኛው ኦክስጅን ስለሆነ ውሃውም አንድ አምስተኛ ይወጣል» ይላል። እውነት ነው?
የልጆች አባት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ አይደለም። ይህ ማብራሪያ በብዙ ቪዲዮ ላይ ስለሚደጋገም ነው እውነት የሚመስለው። ከልጅዎ ጋር ሆነው ሙከራውን በጥንቃቄ ይድገሙት። ዝርግ ሳህን ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ ያድርጉ፤ በደንብ እንዲታይ የቀዘቀዘ ሻይ ይቀላቅሉበት። ሻማ ከሌለ ጧፍ አጠር አድርገው ቆርጠው በራሱ ሰም ሳህኑ ላይ ያጣብቁ። የብርጭቆው አፍ ሳህኑ ላይ ድፍን ብሎ ከተቀመጠ ውሃ አያሳልፍም፤ ስለዚህ ከንፈሩ የሚያርፍበት ላይ ሁለት ሳንቲም ያስቀምጡ።

አሁን ልጅዎ ሰዓቱን ልብ ይበል። ነበልባሉ እየነደደ ሳለ ውሃው እምብዛም አይነሳም። ሽቅብ የሚዘልለው ሊጠፋ ሲልና ከጠፋ በኋላ ነው። ኦክስጅኑ ማለቁ ቢሆን ኖሮ በሚነድበት ጊዜ ሁሉ ቀስ እያለ መውጣት ነበረበት። ብርጭቆውን ሲደፉት ከጠርዙ ሥር አረፋ ሲያመልጥ ሊያዩም ይችላሉ፤ ነበልባሉ ያሞቀው አየር ተለጥጦ መውጣቱ ነው። እሳቱ ሲጠፋ የቀረው አየር ቀዝቅዞ ይሰበሰባል፤ ያን ጊዜ የውጩ አየር ግፊት ውሃውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል።

ማረጋገጫው በሦስት ሻማ መድገም ነው። የብርጭቆው አየር ያው ነው፣ ኦክስጅኑም ያው ነው፣ ውሃው ግን ከፍ ብሎ ይወጣል፤ አየሩ ይበልጥ ሞቋልና። ደግሞም ኦክስጅኑ ሙሉ በሙሉ አያልቅም። በአየር ውስጥ 21 በመቶ የነበረው ወደ 16 በመቶ ገደማ ሲወርድ ሻማ ይጠፋል። የተቃጠለውም ቢሆን ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውሃ ተን ሆኖ ይተካል። ተኑ ብርጭቆው ላይ ጤዛ ሲሆን የሚቀንሰው ይዘት ጥቂት አስተዋጽኦ አለው፤ ዋናው ምክንያት ግን ሙቀቱ ነው።

ጥያቄ፦ የገጠር ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነኝ። አንድ ላፕቶፕ አለን፣ ኢንተርኔት የለንም። ከተማ ስወርድ ምን ይዤ ልመለስ?
መምህሩ፣ ከደቡብ ጎንደር

መልስ፦ በዩቲዩብ አፕ ውስጥ «ዳውንሎድ» ያደረጉት ቪዲዮ በዚያው አፕ ብቻ ስለሚከፈት ወደ ፍላሽ አይገለበጥም። ለእርስዎ የሚሻለው ኮሊብሪ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ነው። ነፃ ትምህርት የሚሰጠውን የካን አካዳሚ ድረ ገጽ ቪዲዮና መልመጃ ከተማ ላይ ይጭኑበታል፤ ትምህርት ቤት ሲመለሱ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ለሌላ ኮምፒውተር ሲያካፍሉ በፕሮግራሙ በራሱ ወደ ፍላሽ ይላኩት። ፋይሎቹ በረጃጅም የፊደልና የቁጥር ስም ስለሚቀመጡ በእጅ ቢገለብጡ የትኛው የቱ እንደሆነ አይለዩም።

ከቪዲዮ በላይ ግን የፌት ሲሙሌሽኖችን፣ ማለትም ተማሪው ኮምፒውተር ላይ ራሱ እየነካካ የሚሞክራቸውን የሳይንስ ሙከራዎች፣ እንዲይዙ እንመክራለን። በኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን አነሳሽነት በ2002 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የተጀመሩ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ይይዛሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ድረ ገጹን «ሴቭ» ሲያደርግ ነው፤ የሚቀመጥለት ገጹ እንጂ ሲሙሌሽኑ አይደለም። የማውረጃውን ምልክት ይጫኑ፤ የሚመጣውን ፋይል በክሮም ይክፈቱ፤ ከከተማ ሳይወጡም ዳታውን አጥፍተው ይሞክሩት።

ክፍል ውስጥ ለምሳሌ በኤሌክትሪክ ሰርኪዩቱ ሲሙሌሽን 9 ቮልት ባትሪ ከ10 ኦም ሬዚስተር ጋር ያገናኙ፤ አሚሜትሩ (የከረንት መለኪያው) 0.9 አምፒር ያነባል። ሌላ 10 ኦም በተከታታይ ከመጨመርዎ በፊት ያቁሙና «ይጨምራል? ይቀንሳል? ያው ነው?» ብለው እጅ ያስወጡ፤ ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ ይጻፉ። ከዚያ ያገናኙ፤ 0.45 ይሆናል። ጎን ለጎን በፓራለል ሲያደርጉት ወደ 1.8 ይወጣል። ተማሪው ሬዚስተር ተጨምሮ ከረንት ሲጨምር ባየበት ቅጽበት የሚያነሳውን ጥያቄ ሳያስቸኩሉ ያስተናግዱት።

ጥያቄ፦ ቪዲዮዎቹ ሁሉ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላሉ። የእኛ ቴርሞሜትር 92 ላይ ቆመ። ተበላሽቷል?
የሳይንስ ክበብ አባላት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ቴርሞሜትራችሁ ደህና ነው። 100 ዲግሪ በባሕር ወለል ላይ ነው። ከፍ ባላችሁ ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይወርዳል፤ አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ስለሆነች 92 ትክክል ነው። ስትለኩ የቴርሞሜትሩ ጫፍ የድስቱን ሥር አይንካ፤ ብረቱ ከውሃው ይበልጥ ስለሚግል ቁጥሩን ያዛባዋል።