የወላጅ ብር በእጃችን ሲገባ፦ ጥያቄና መልስ

ደሴ ውስጥ ፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ መጻፍ ከጀመርኩ 17 ዓመት ሆነኝ። ጠበቃ አይደለሁም። ስለ እናቴ የመርሳት ሕመም አንዴ ከጻፍኩ ወዲህ ብዙዎቻችሁ አንድ ነገር ትጠይቁኛላችሁ፦ ራሳቸውን ካልቻሉ ወላጆች ብር ላይ ስጦታ መስጠት ወይም ማበደር ይቻላል ወይ? ዛሬ እስከ ማታ አለሁ፣ ጠይቁ።

ጋሼ፣ ከኮምቦልቻ ነኝ። አባቴ የጨርቃጨርቅ ጡረተኛ ነው። ስትሮክ መቶት አሁን ሰው አይለይም። ከሦስት ዓመት በፊት ሙሉ ውክልና ሰጥቶኛል። ታናሼ ባጃጅ ሊገዛ ነው፣ ከአባባ ብር 200 ሺህ ላበድረው?

አብሽሪ፣ ግን ብሩን ገና እንዳትነኪው። «ሙሉ ውክልና» የሚለው ስም ብዙ ሰው ያሳስታል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጠቅላላ ውክልና የሚፈቅደው ማስተዳደርን ነው፤ ኪራይ መሰብሰብ፣ ዕዳ መክፈል፣ እንዲህ ያለውን። ስጦታ ለመስጠት ወይም ቤት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፣ አንቀጽ 2205ን እዪው። ስለዚህ ወረቀቱን አውጪና እያንዳንዱን ቃል አንብቢ። ሌላም አለ፣ ይሄኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም፦ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ወካዩ ችሎታ ሲያጣ ውክልናው ራሱ ይቀራል። ባንኩ የአባባን መታመም ሳይሰማ ብር ቆጥሮ ስለሰጠሽ ብቻ ሥልጣን አለሽ ማለት አይደለም።

ታዲያ ምን ላድርግ? አባቴን ፍርድ ቤት ወስጄ እብድ ነው ላስብል?

ይሄን ጥያቄ በሳምንት ሁለቴ እሰማዋለሁ፣ ሕመሙም ይገባኛል። እኔም እናቴን ይዤ የሄድኩ ቀን ማመልከቻውን ራሴ መጻፍ አቅቶኝ ጓደኛዬ ነው የጻፈልኝ። ግን የሚባለው «እብድ» አይደለም፣ «በፍርድ መከልከል» ነው፤ ሰውየው ንብረቱን ራሱ እንዳያስተዳድር ፍርድ ቤት ሲወስን ማለት ነው። ሕጉ በእርጅና ምክንያት የሚያደርገውን የማያውቀውንም ሰው ያስባል። ባለቤቱ ወይም ዘመዱ ያመለክታል፣ የሐኪም ማስረጃ ይቀርባል፣ ከዚያ ለራሱ አሳዳሪ፣ ለንብረቱ ሞግዚት ይሾማል። አንድ ሰው ሁለቱንም ሊይዝ ይችላል። ሞግዚት ሆንሽ ማለት ግን የብሩ ባለቤት ሆንሽ ማለት አይደለም፤ ማበደርና ቤት መሸጥ የመሰለ ነገር ሲመጣ ተመልሰሽ ፍርድ ቤቱን አስፈቅጂ።

የእናታችንን የቅሬ (የእድር) መዋጮ ከራሷ ብር ብንከፍልስ?

ክፈሉ። የራሷ ግዴታ ነው እንጂ ስጦታ አይደለም።

የልጅ ልጇ ሰርግ ደርሷል። ጤነኛ ብትሆን ባዶ እጇን አትሄድም ነበር።

እኔ መጀመሪያ የማየው ድሮ ምን ታደርግ እንደነበር ነው። እናቴ ለልጅ ልጅ ሰርግ ሁለት ሺህ ብርና አንድ ነጠላ ትሰጥ ነበር፣ እኛም ያንኑ አደረግን። እህቴ «ዘንድሮ ወርቅ ይሁን» ስትል እምቢ አልኳት፤ ወርቁ የእህቴ ምኞት እንጂ የእናቴ ልማድ አልነበረም። ደግሞ የመድኃኒቷንና የአስታማሚዋን ወጪ መጀመሪያ አስሉ። ከዚያ የተረፈ ከሌለ ሰርገኛው ምርቃቷን ይዞ ይሂድ። ብር የሚቀበለው የናንተው ልጅ ከሆነ ደግሞ ሌላው ወንድም ወይም እህት አውቆ ይስማማ።

ዘካስ? አባታችን በየዓመቱ ያወጣ ነበር።

ይሄ የሸሆቹ ነው፣ እኔ አልገባበትም። የማውቀው ሐነፊና ሻፊዒ የሚባሉት መዝሀቦች (የእስልምና ሕግ መንገዶች) አእምሮው ባልሞላ ሰው ገንዘብ ላይ እንደሚለያዩ ነው፤ በሻፊዒ ዘካው ይወጣል፣ በሐነፊ ከእህል በቀር አይወጣም። ወሎ ሁለቱም ስላሉ አባታችሁ የነበሩበትን መዝሀብ ይዛችሁ ጠይቁ።

ቤቱን በስጦታ ወደ እኛ ብናዞረውስ? አባባ ጣታቸውን ማስቀመጥ ይችላሉ።

ጣታቸው ይችል ይሆናል፣ እሳቸውስ? አንድ ጊዜ ሦስት ወንድማማቾች አባታቸውን በጋቢ ጠቅልለው ደጃፌ አመጡልኝ። ሽማግሌው በቀለም የነካውን አውራ ጣታቸውን እያዩ «ማን ነው ያቆሰለኝ?» አሉ። ሰነዱን አልጻፍኩላቸውም። የቤት ስጦታ በግልጽ ኑዛዜ ፎርም (በምስክሮች ፊት ተነቦ በሚፈረም ጽሑፍ) ካልተደረገ አይጸናም፣ ፎርሙ ቢሟላ እንኳ ሰጪው የሚያደርገውን ካላወቀ ነገ አንዷ እህት ተነስታ ታስፈርሰዋለች።

እኔስ ለራሴ ልበደር? በሁለት ወር እመልሳለሁ።

አይሆንም። ተወካይ የወካዩን ብር ለራሱ ጥቅም ካዋለ ወለድ ጭምር ይከፍላል። የታክሲና የመድኃኒት ከኪስህ ካወጣህ ግን ደረሰኝ ይዘህ መውሰድ ትችላለህ። ደብተር ግዛ፣ ቀን፣ መጠን፣ ለምን እንደወጣ ጻፍ።

እርስዎ ተሳስተው ያውቃሉ?

አዎ። እናቴ ገና መርሳት ስትጀምር ከብሯ 40 ሺህ ለወንድሜ አበደርኩ፣ ያለ ወረቀት። ወንድም አይደል ብዬ። በሕጉ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም ተበዳሪው ፍርድ ቤት በማመኑ ወይም በመሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም፣ ይህንን ለስንቱ ሰው ስነግር የኖርኩ ሰው ነኝ እንግዲህ። ሆስፒታል የገባች ጊዜ ብሩን ስጠይቀው «እማዬ እኮ የሰጠችኝ ነው» አለኝ። እሷን እንዳልጠይቅ እሷ የለችም፤ አልጋው ላይ ተኝታ እኔን «አንተ የማን ልጅ ነህ?» ትለኛለች።

ታዲያ መለሰ?

18 ሺህ። 22ቱ ደብተሩ ላይ አለ።