9 ዋቱ 12 ዋቱን ለምን በለጠው?

“ከቀፊራ ገበያ የገዛሁት 12 ዋት ኤልኢዲ አምፖል ከድሮው 9 ዋት ኤልኢዲዬ ለምን ፈዘዘብኝ?” ላልከው፦ ወንድሜ፣ ዋት አምፖሉ የሚበላውን ኃይል ነው የሚነግርህ። የሚሰጠውን ብርሃን የሚለካው ሉመን ነው። የጥንቱ ባለ ክር 60 ዋት አምፖል 800 ሉመን ገደማ ይሰጣል። ደህና ኤልኢዲ ይህንኑ በ9 ዋት አካባቢ ያወጣዋል።

ካርቶኑን ገልብጥና ሉመኑን ለዋቱ አካፍል። 800 ለ9 ወደ 89 ይመጣል፤ በአንድ ዋት 89 ሉመን ማለት ነው። ያንተው 12 ዋት 700 ብቻ ከሆነ 58 ነው፤ በልቶ የማይሠራ ማለት እሱ ነው። እኔ “ይሄ 100 ዋት ነው” ተብሎ የተሸጠልኝ አምፖል በረንዳዬን እንኳ አላበራም። ለካ ካርቶኑ ላይ ሉመን የሚል ነገር የለም!

ደግሞ ብርሃኑን ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሰበስብ አምፖል እንዳያታልልህ። ከሥሩ ያለውን ጠረጴዛ ፏ ያደርገዋል፣ ጥጉ ግን ጨለማ ነው። ለሳሎን የሚበትነውን ውሰድ።